ሃምሳ መጽሐፍ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለአንድ ከተማ ጌጥ



ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ በብዙ የወረዳ ከተማዎች ይገኛል። ብዙ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አይርቅም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ አለ። ለገበያ ስትሄዱ በደጁ ስንት ጊዜ አልፋችኋል? ድሮ ጽሑፉን ማንበብ አትችሉም ነበር። አሁን ግን ትችላላችሁ። ታዲያ ለምን አትገቡም?

«እሱ የተማሪ ቤት ነው» የሚል አይጠፋም። «እሱ የቢሮ ሰው መዋያ ነው፤ እኔ ጭቃ በረገጠ እግሬ እንዴት እገባለሁ?» የሚልም አለ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ በሩ ላይ «የሕዝብ» የሚል ቃል ተጽፏል። ሕዝብ ማለት እናንተ ናችሁ።

ፊደል እንደ እርሻ ነው

ማንበብ መቻል አንድ ነገር ነው። ማንበብ መቀጠል ሌላ ነገር ነው። ገበሬ ማሳውን አንድ ጊዜ አርሶ ቢተወው ምን ይሆናል? አረም ይውጠዋል። ፊደልም እንዲሁ ነው። ካልተነበበ ይረሳል። መጀመሪያ ረጅሙ ቃል ይጠፋል። ቀጥሎ እነ «ጰ» እና «ፀ» ይጠፋሉ። በመጨረሻ የራስ ስም ብቻ ይቀራል።

ይህን አገራችን በዓይኗ አይታለች። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከ100 ሰው 10 እንኳ አይሞላም ነበር። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ 15 ቋንቋዎች ደረሰ። ሽማግሌውም፣ ባልቴቷም፣ እረኛውም የፊደል ገበታ ይዘው ተቀመጡ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊደል ለየ።

በዘመቻው ጊዜ በየገጠሩ የንባብ ቤቶችም ተከፍተው ነበር። ዓላማቸው ግልጽ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው አጥቶ እንዳይረሳ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አልዘለቁም። የንባብ ቤቱ ሲዘጋ የሚነበበውም አብሮ ጠፋ። አንድ ጊዜ ስሙን ጽፎ ይፈርም የነበረ ሰው ተመልሶ ጣቱን ቀለም መንከር ጀመረ። ይህ ያሳዝናል። ያን ሁሉ ማታ በኩራዝ የለፋበት ነገር ነው እኮ!

እናንተም የለፋችሁበትን እንዳታጡ ነው ስለ ቤተ መጻሕፍት የምንነግራችሁ።

ቤተ መጻሕፍት ምንድን ነው?

ቃሉን ለሁለት እንክፈለው። «ቤተ» ማለት የዚህ ቤት ወይም የዚያ ቤት ማለት ነው። «መጻሕፍት» ማለት ብዙ መጽሐፍ ማለት ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ቤት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ «ላይብረሪ» ይለዋል። ሁለቱም አንድ ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። መጽሐፍም እንደዚሁ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን 50 መጽሐፍ ልግዛ ቢል በሬውን ሊሸጥ ነው። ቢገዛቸውም አንዱን ሲያነብ 49ኙ አቧራ ይጠጣሉ። እነዚያው 50 መጻሕፍት በአንድ ቤት ቢቀመጡስ? ዛሬ አንተ ታነባለህ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤትህ ያነባል፤ ከዚያ ልጁ ታነባለች። መጽሐፉ አንድ ነው፤ አንባቢው ግን ብዙ ነው።

መጻሕፍትን በአንድ ቤት ማኖር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ገዳማትና አድባራት የብራና መጻሕፍትን በዕቃ ቤት ሲጠብቁ ኖረዋል። በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የወንጌል መጻሕፍት ዕድሜያቸው ከ1,300 ዓመት በላይ ነው። አጼ ቴዎድሮስም በመቅደላ ብዙ የብራና መጽሐፍ ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን ዘርፎ ወሰደ። ከእነሱ ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆኑት እስከ ዛሬ ለንደን ከተማ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ።

ያ ዕቃ ቤት ግን ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ቁልፉ በዕቃ ቤቱ ጠባቂ እጅ ነበር። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከዚያ የሚለየው በዚህ ነው። በሩ ለማንም ክፍት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰው «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ በክፍለ ሀገር ከተሞችም፣ በወረዳ ከተሞችም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈቱ።

ስንገባ ምን እናገኛለን?

በሩ ላይ ቦርሳ ወይም ዘንቢል ማስቀመጫ ይኖራል። ዕቃችሁን እዚያ ትተዋላችሁ። ዱላችሁንም እዚያው አቁሙት። ይህ ንቀት አይደለም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ነው።

ቀጥሎ ሠራተኛዋን ወይም ሠራተኛውን ታገኛላችሁ። ስማችሁን መዝገብ ላይ ትጽፋላችሁ። እዩት እንግዲህ! ገና ስትገቡ የተማራችሁት ሥራ ላይ ዋለ።

ውስጡ ረጃጅም ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር አለ። ግድግዳውን ይዞ የመጽሐፍ መደርደሪያ ቆሟል። ጋዜጣም ይኖራል። አዲስ ዘመን የተባለው ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ነው።

ብዙውን ወንበር ይዘው የምታገኟቸው ተማሪዎች ናቸው። በተለይ የፈተና ሰሞን መቀመጫ አይገኝም። እንዲህ ሲሆን ተመልሳችሁ አትሂዱ። ተማሪዎቹ ክፍል በሚገቡበት ሰዓት ቤቱ ጸጥ ይላል። እህል የሚሸጥ ሰው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ አይጎዳም።

አንድ እውነት ደግሞ አንደብቃችሁም። በብዙ ትናንሽ ከተሞች ከመደርደሪያው ላይ የሚበዛው የተማሪ መጽሐፍ ነው። ለገበሬ፣ ለእናቶች፣ ለባለ እጅ የሚሆነው ያንሳል። ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ጎልማሳው ካልገባ ሠራተኛው ለተማሪው ብቻ ያስባል። ስለዚህ ገብታችሁ «ስለ ከብት በሽታ የሚናገር መጽሐፍ አላችሁ ወይ?» በሉ። ባይኖር «እንዲመጣልን መዝግቡልን» በሉ። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

መጽሐፉን በቁጥር መፈለግ

ከሺህ መጽሐፍ ውስጥ የምትፈልጉትን እንዴት ታገኛላችሁ? አንድ ዘዴ አለ። ሜልቪል ዲዊ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ዘዴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1876 አወጣው። ዕውቀትን ሁሉ በ10 ክፍል ከፈለ። ለእያንዳንዱም ቁጥር ሰጠ። ዛሬ በዓለም ብዙ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ይሠራሉ።

መጽሐፉ ተደርድሮ ሲቆም በሚታየው ጠርዙ ላይ ቁጥር ተለጥፏል። ጥቂቶቹን እንንገራችሁ፦

398 — ተረትና የሕዝብ ወግ
610 — ሕክምናና ጤና
630 — ግብርና
636 — ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ
638 — ንብና ሌሎች ነፍሳት እርባታ
963 — የኢትዮጵያ ታሪክ

ልብ በሉ! ግብርና 630 ነው። እንስሳትና ንብም ከግብርና ጋር የሚሄዱ ስለሆኑ በ630 እና በ640 መካከል ተቀመጡ። ዘመድ ከዘመዱ ጎን ነው። ስለዚህ የንብ መጽሐፍ ስትፈልጉ ጎኑ ያለውንም ተመልከቱ።

ቁጥሩ ቢጠፋባችሁ አትፈሩ። ሠራተኛዋን ጠይቁ። መንገር ሥራዋ ነው። ሁሉም ቤት በዚህ ቁጥር አይሠራም። አንዳንዱ በርዕስ ብቻ ይደረድራል።

መዋስና መመለስ

አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ወደ ቤት አያውስም። እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ያውሳል። ለመዋስ አባል መሆን ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ መታወቂያ ይጠየቃል። ዋስ የሚጠይቅም አለ። ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መጽሐፉን ስትወስዱ የመመለሻ ቀን ይጻፍላችኋል። ያ ቀን ቀልድ አይደለም። ለምን? እስቲ በምሳሌ እንየው።

አንድ ሰው በመስከረም ወር ስለ ንብ እርባታ የሚናገር መጽሐፍ ተዋሰ እንበል። በ15 ቀን መመለስ ነበረበት። አልመለሰም። ሌላ ንብ አርቢ ያንኑ መጽሐፍ ፈልጎ ሦስት ጊዜ መጣ፤ አጣ። መጽሐፉ የተመለሰው በታኅሣሥ ነው። በብዙ አካባቢ ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ታዲያ ያ ሁለተኛ ሰው ስለ ማር አቆራረጥ በታኅሣሥ ቢያነብ ምን ያደርግለታል? አንድ ዓመት ሙሉ ሊጠብቅ ነው። መጽሐፍ ማስቀረት የጎረቤትን ማረሻ ተውሶ በእርሻ ወቅት እንደ ማስቀረት ነው።

ሳይነበብ አይፈረም

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንግባ። ማንበብ ለጌጥ አይደለም። በእጃችን የሚገቡ ወረቀቶች አሉ። እነዚህን አለማንበብ ንብረት ያሳጣል፤ ጤና ያሳጣል፤ ሰው ያሳጣል።

አንደኛው ወረቀት የውል ወረቀት ነው። አንዲት እናት መሬቷን ለ2 ዓመት ልታከራይ ተስማማች እንበል። ውሉ ተጽፎ መጣ። ወረቀቱ ላይ ግን የተጻፈው «12 ዓመት» ነው። ልዩነቱ አንዲት «1» ናት። ማንበብ የምትችል እናት ያችን «1» ታያታለች። የማትችል እናት ጣቷን ታሳርፋለች። የ10 ዓመት ምርት በአንዲት ጭረት ሄደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የመድኃኒት ወረቀት ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ አር ኤስ የተባለው ዱቄት በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ በከረጢቱ ላይ ተጽፏል። ብዙው «1 ሊትር» ይላል። ውሃው ከተባለው ቢያንስ ጨውና ስኳሩ ይበዛል፤ ልጁን ይጎዳዋል። ውሃው ቢበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ከረጢቱን ሳታነቡ አትበጥብጡ።

ሦስተኛው ወረቀት የሥራ ውል ነው። ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት የሚፈረም ውል አለ። ደመወዙ ስንት ነው? ሥራው ምንድን ነው? የዕረፍት ቀን አለ ወይ? ውሉ የሚቆየው ስንት ዓመት ነው? ደላላው በአፉ የተናገረውና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን ማየት የእናትና የአባት ድርሻ ነው። ደላላ የተናገረው በነፋስ ይሄዳል። የተጻፈው ግን ይቀራል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገጥማችሁ «እስከ ነገ ስጡኝ፤ አንብቤ እመልሳለሁ» በሉ። ይህ መብታችሁ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። የማይገባችሁን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጉ። ሠራተኛዋ ዳኛ አይደለችም፤ ፈርሙ ወይም አትፈርሙ አትላችሁም። ቃሉን ለማግኘት ግን ትረዳችኋለች። ራፖር ጸሐፊ የጻፈላችሁን ማመልከቻም ከመስጠታችሁ በፊት እዚያ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ያላችሁት ነገር ተጽፏል ወይ? ስማችሁ ትክክል ነው ወይ?

የማንበቢያ ቤት፣ የመገናኛ ቤት

ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሰው የሚገናኝበት ቤት ነው።

በአንዳንድ ቦታ ለሕፃናት ተረት የሚነበብበት ቀን አለ። ትልቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ልጆቹ ከበው ይሰማሉ። እናንተም ልጆቻችሁን ስትወስዱ አብራችሁ ቁጭ በሉ። የልጆች መጽሐፍ ፊደሉ ትልቅ ነው። ሥዕልም አለው። ለአዲስ አንባቢ ይመቻል። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ እንድታስረዳ መጠየቅም ይቻላል። ያስረዳችውን በኋላ ከመጽሐፍ ጋር ታስተያያላችሁ።

እናቶች ጊዜ የላቸውም። ውሃ አለ፤ እንጨት አለ፤ ልጅ አለ። ወደ ከተማ ሄዶ መቀመጥ ይከብዳቸዋል። ለእነሱ አንድ ዘዴ እንጠቁማለን። ከቡና ጎረቤቶች መካከል አንዷ መጽሐፍ ትዋስ። ቡና ሲፈላ አንዷ ታንብብ፤ ሌሎቹ ይስሙ። በበነጋታው ሌላዋ ታንብብ። አቦል ላይ አንድ ገጽ፣ ቶና ላይ አንድ ገጽ፣ በረካ ላይ አንድ ገጽ። በቀን 3 ገጽ ማለት ነው። በ20 ቀን 60 ገጽ መጽሐፍ አለቀ!

መጽሐፍ እንዴት ይያዛል?

የአባ ገሪማ ወንጌል ከሺህ ዓመት በላይ የቆየው ብራናው ከቆዳ ስለተሠራ ነው፤ ሰውም በጥንቃቄ ስለያዘው ነው። የዛሬ መጽሐፍ ግን ወረቀት ነው። ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ፦

እጃችሁን ታጥባችሁ ያዙት። ገጽ ስትገልጡ ጣታችሁን በምራቅ አታርጥቡ።

የደረሳችሁበትን ለማወቅ ጥጉን አትጠፉት። ቁራጭ ወረቀት ወይም ሰንበሌጥ አስገቡበት።

መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ምስጥ ይበላዋል። ከእህል ጋር አታስቀምጡት፤ አይጥ ይቆረጥመዋል። ዝናብ በሚያፈስበትና ጭስ በሚበዛበት ቦታም አታኑሩት።

በኩራዝ ስታነቡ ኩራዙን ከመጽሐፉ አርቁት።

ቢቀደድ በሊጥ አትለጥፉት። ሊጥ አይጥና ተባይ ይጠራል። እንደተቀደደ መልሱና ለሠራተኛዋ ንገሩ። መናገር አያስቀጣም፤ መደበቅ ግን መጽሐፉን ያጠፋዋል።

ቤተ መጻሕፍት በሌለበትስ?

«የእኛ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የላትም» የምትሉ አላችሁ። ለእናንተ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። እዚያ የሁሉ አገር ልጅ በቋንቋው መጽሐፍ ሲያገኝ፣ የኢትዮጵያ ልጅ ግን እንደሚያጣ አዩ። ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ በተባለው ሰፈር ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በጋሪ ተጭኖ በአህያ እየተጎተተ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረጉ። ጋሪው ሲቆም ጎኑ ይከፈታል። መደርደሪያው ይታያል። ልጆቹ መጽሐፍ ይዘው በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። አህያዋ ደግሞ ሣሯን ትበላለች።

አህያ በእናንተም መንደር አለች። እህል ትጭናለች። መጽሐፍስ መጫን ያቅታታል?

ለመጀመር ትልቅ ቤት አያስፈልግም። ክዳን ያለው አንድ የእንጨት ሣጥን ይበቃል። ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። እድሩ ወይም የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያው ይያዘው። ቁልፉን የሚይዝ የታመነ ሰው ምረጡ። አንድ ደብተር ግዙና በመስመር ክፈሉት፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የተዋሰው ሰው ስም፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን። በቃ! ይህ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከዚያ ወረዳውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ከተማ ያሉ ልጆቻችሁን «መጽሐፍ ላኩልን» በሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የድሮዎቹ የንባብ ቤቶች ያስተማሩን ቁም ነገር አለ። ቤት መክፈት ይቀላል፤ ቤት ማዝለቅ ይከብዳል። የሚያዘልቀው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም። በየሳምንቱ ገብቶ የሚያነበው ሰው ነው። አንባቢ ያለውን ቤት መዝጋት ይከብዳል። ባዶውን ቤት ግን ለመጋዘን ይፈልጉታል።

የዚህ ሳምንት ሥራ

1. በአቅራቢያችሁ ቤተ መጻሕፍት የት እንዳለ ጠይቁ። የሚከፈትበትን ሰዓት ጻፉ።

2. አንድ መጽሐፍ ምረጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በቤታችሁ አንብቡ።

3. በቤታችሁ ካለ ወረቀት አንዱን አውጥታችሁ አንብቡ። የመሬት ይዞታ ደብተር ይሁን፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ ይሁን። ስማችሁና ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ?

የመወያያ ጥያቄዎች

ፊደል የቆጠረ ሰው መልሶ የሚረሳው ለምንድን ነው?

መጽሐፍ በቀኑ ካልተመለሰ የሚጎዳው ማን ነው?

በእኛ መንደር የመጽሐፍ ሣጥን ቢኖር ቁልፉን ለማን እንሰጣለን? ለምን?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ከጎረቤታችሁም ጋር ተወያዩበት። ለሳምንት ሰው ይበለን!